አቼቶና በረኪና አታቀላቅሉ፣ ስለ ታይ ዳይ ያወጣችሁት ይታረም

ሰላም ለናንተ ይሁን የዝግጅት ክፍል ሰዎች። ያረጀ ቲሸርት ቤት ውስጥ እንዴት ታይ ዳይ እንደሚደረግ፣ ማለትም በላስቲክ ታስሮ በቀለም እንደሚነከር፣ ያወጣችሁትን ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ምክንያቱም እኔ ይሄን ነገር ለልጆቼ ብዬ ጀምሬው አሁን ለሰፈር ሰውም በትእዛዝ እሰራለው፣ እጄ ላይ ቀለም የሌለበት ሳምንት የለም። ግን ፅሁፉ ውስጥ ሁለት ስህተት አለ፣ አንዱ ልብስ ያበላሻል ሌላው ሰው ይጎዳል፣ ስለዚ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሰው የሚጎዳውን ላስቀድም። ጥቁር ቲሸርት በላስቲክ አስራችሁ በረኪና ከረጫችሁበት በኋላ በረኪናው እንዲቆም አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቱት ብላችኋል። እባካችሁ ይሄንን አታስደርጉ! በረኪና ከአሲድ ጋ ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚወጣው፣ አቼቶ ደሞ አሲድ ነው። እኔ ራሴ ከሰው ሰምቼ ከሁለት አመት በፊት ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ በር ዘግቼ አድርጌዋለው፣ ጉሮሮዬን እንደ እሳት ነው ያቃጠለኝ፣ አይኔ ማየት አቅቶት በዳበሳ ነው በሩን ያገኘሁት፣ ልጄ በሩ ጋ ቆማ ስለነበር እሷም ስታስል አመሸች። እስካሁን ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል።

በረኪናው ግን የግድ መቆም አለበት፣ እውነት ነው፣ ካልቆመ ጥጡን እየበላው ይሄድና ከጥቂት እጥበት በኋላ ልብሱ ይቀደዳል። መፍትሄው መጀመሪያ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ነው፣ ከዛ ፋርማሲ የሚሸጠውን ለቁስል ማጠቢያ የሚሆን 3% ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውሃ ጨምሮበት ትንሽ መዘፍዘፍ፣ ከዛ በሳሙና ማጠብ። ስራው ውጪ ይሰራ፣ ጓንት ይደረግ፣ ሱፍና ሃር ደሞ በጭራሽ በረኪና እንዳይነካቸው፣ ያልቃሉ።

ሁለተኛው ስህተት ቀለም በጨውና በአቼቶ ይያዛል የሚለው ነው። ይሄ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ ሱፍና ሃር የሚነከሩበት ቀለም አለ እሱ በእርግጥ አሲድ ይፈልጋል። የጥጥ ቲሸርት ግን ሌላ ነው። ለጥጥ የሚሆነው ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ነው፣ እንግሊዝ አገር በፈረንጆች 1956 ለገበያ የቀረበ፣ ሳይፈላ በቀዝቃዛው ከክሩ ጋ አንድ የሚሆን። እሱ ደሞ የሚይዘው በሶዳ ነው፣ ማለትም የአቼቶ ተቃራኒ በሆነ ነገር። ሰው አቼቶ ውስጥ ነክሮ፣ አድርቆ፣ ደስ ብሎት ለብሶ መጀመሪያ ሲያጥበው ቀለሙ በሙሉ ሳፋው ውስጥ ይቀራል፣ ከዛ ቀለሙ ፎርጂ ነው ብሎ ሻጩን ይሰድባል።

ሶዳ ስል ሶዳ አሽ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ማለቴ ነው። ከአብያታ ሐይቅ ሲወጣ የኖረ እኮ ነው፣ የገዛ አገራችን እቃ፣ ግን እኔ ግማሽ ኪሎ ፈልጌ ስዞር በጆንያ ካልሆነ አንሸጥም ነው ያሉኝ። ስለዚ ምን አደርጋለው መሰላችሁ፣ ለኬክ የሚሆነውን ቤኪንግ ሶዳ ኦቭን ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰአት አቆየዋለው፣ እርጥበቱና ጋዙ ሲወጣለት ሶዳ አሽ ይሆናል (አልሙኒየም እቃ ላይ አይሁን፣ ይበላዋል)። በሊትር ውሃ 60 ግራም አካባቢ በጥብጬ ቲሸርቱን ሩብ ሰአት እዘፈዝፈዋለው፣ ጨምቄ እጠመዝዘዋለው፣ በላስቲክ አስረዋለው፣ ቀለሙን አፈስበትና በፌስታል ጠቅልዬ 24 ሰአት አስቀምጠዋለው። ክረምት ላይ ደሞ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ቀለሙ ቶሎ አይይዝም፣ በብርድ ልብስ መጠቅለል ያስፈልገዋል። የቀለሙ ዱቄት ሲበጠበጥ ማስክ ይደረግ፣ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ የተበጠበጠበት እቃም ወደ ኩሽና አይመለስ።

ሌላ ያልጠቀሳችሁት ነገር ጨርቁ ነው። ሰልባጅ ላይ የሚገዛ ቲሸርት ብዙ ጊዜ ምልክቱ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፣ ፖሊስተር ከሆነ ደሞ ይሄ ቀለም አይነካውም። ከስፌቱ ውስጥ አንድ ክር መዞ በክብሪት መለኮስ ነው፣ ጥጥ ወረቀት ወረቀት ይሸታል አመድም ይሆናል፣ ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር ጠብታ ይሆናል።

መንከሩ ለከበደው ሰው በብሩሽ መሳል አለ፣ እኔ እንደውም ለልጆች እሱን ነው የምመርጠው። የዛሬ አመት ትንሹ ልጄ ለእንቁጣጣሽ እንደ ጓደኞቹ ወረቀት ላይ መሳሉን ትቶ ነጭ የጥጥ ሻሽ ላይ አደይ አበባ ስሎ ለአያቱ ሰጣት። የጨርቅ ቀለም ነው የተጠቀመው፣ ስስ አድርጎ፣ ስሩ ካርቶን አንጥፎ፣ አንድ ቀን ከደረቀ በኋላ ገልብጬ በስስ ጨርቅ ላይ ካውያ አደረግኩበት፣ ሙቀቱ ነው የሚያስይዘው። እናቴ ስንት ጊዜ አጥባዋለች፣ ቢጫው አሁንም ቢጫ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ታደርገዋለች።

ቀለም ሻጮችንም በናንተ በኩል ልለምን፣ በትንሽ ፌስታል ቋጥራችሁ ስትሸጡ ለጥጥ ይሁን ለሱፍ እላዩ ላይ በእስክሪብቶም ቢሆን ፃፉበት።

እርማቱን ስታወጡ ግን የበረኪናውን ነገር ከላይ አድርጉት፣ በትልቁ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፣ ልጆች ቤት ይውላሉ፣ ያንን ገፅ ቆርጦ ያስቀመጠ ልጅ ይኖራል።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ