በሩ ቆሟል፣ ጣሪያው የለም
(የድጋፍ ጥሪ)

የተከበራችሁ የከተማችንና የዙሪያው ቀበሌዎች ነዋሪዎች፣ የቅሬ (የእድር) ዳኞች፣ የመስጊድና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በአዲስ አበባና በዐረብ አገር የምትኖሩ ልጆቻችን፤

ከዚህ ኮሚቴ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ ይህ አራተኛው ነው። እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እኛም መለመን ሰልችቶናል።

ወሬውን ሰምታችኋል። በሐምሌ አጋማሽ ሌሊት የተነሣው ነፋስ በሆስፒታሉ ግቢ የምንሠራውን የምስል ምርመራ (የራጅና የአልትራሳውንድ) ክፍል ጣሪያ ከነማገሩ ነቅሎ ከአጥሩ ማዶ ማሽላ ውስጥ ጣለው። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የራጅ መሣሪያውም ገና ከሣጥኑ ስላልወጣ በመጋዘን በደኅና ተቀምጧል። ኮርኒሱ ግን ወድቋል፣ ልስኑ ረስርሷል፣ የተዘረጋው የመብራት ሽቦ እንደገና መፈተሽ አለበት። አሁን ግድግዳውን በላስቲክ ሸፍነን ዝናቡን እየጠበቅን ነው።

ጥፋታችንን አንደብቅም። ጣሪያውን የመታነው በስሱ፣ በ35 ጌጅ ቆርቆሮ ነው። ወፍራሙ 28 ጌጅ ውድ ሆኖብን ‹‹ለጊዜው ይህ ይበቃል›› አልን። ባሕር ዛፉም በደንብ ሳይደርቅ ነው የቆመው። ቆጠብን ብለን ነበር፤ ነፋሱ ሒሳቡን አስተካከለልን።

በበሩ ላይ ግን አንሸነፍም። ቅዳሜ ገበያ ላይ ‹‹ለአንድ በር ይህ ሁሉ ብር? ወርቅ ነው እንዴ?›› እየተባለ መሆኑን ሰምተናል። ወርቅ አይደለም፣ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ነው። በሩ ከውጭ ሲያዩት እንጨት ይመስላል፤ በሆዱ የእርሳስ ንጣፍ አለው። የራጅ ጨረር ሥጋን አልፎ ይሄዳል፣ አጥንት ያዳክመዋል፣ እርሳስ ደግሞ ያስቀረዋል። ታካሚው ለአንድ የደረት ራጅ የሚያገኘው ጨረር ጥቂት ነው፤ ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ በአሥር ቀን ገደማ ከምናገኘው አይበልጥም። ባለሙያው ግን እዚያ የሚውለው በየቀኑ ነው፤ በኮሪደሩ ወረፋ የምትጠብቅ ነፍሰ ጡርም አለች። ብሎኬቱንም በኮንክሪት የሞላነው በዚሁ ምክንያት ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ጨረርን በሚገባ አያቆምም። ገንዘባችሁ የገባው ዓይን በማያየው ቦታ ነው፤ ስለዚህ የተበላ መሰለ። ደረሰኞቹን ከሁለት ቅሬዎች የተመረጡ ሰዎች አይተው ፈርመውባቸዋል። ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ ቡና እናፈላለን።

‹‹ከዚህ ሁሉ ወደ ደሴ መላክ አይሻልም?›› የሚሉም አሉ። ለእነርሱ የራሴን፣ የጸሐፊውን፣ ቤት ልንገራቸው። እኅቴ ጡቷ ላይ እጢ ስታገኝ ለማንም ሳትናገር ከረመች። ጠበል መሄዷን አልነቅፍም፤ እኔው ነኝ የሸኘኋት። በኋላ ለአንድ ምስል ሁለት ጊዜ ደሴ ተመላለሰች፣ ለሁለተኛው ጉዞ ጊደሯ ተሸጠች። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስትደርስ ወደ ብብቷ ተዛምቷል። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ብዙዎቻችሁ ለቅሶ ደርሳችኋል።

ጡቷ ላይ እጢ ያገኘች ሴት በመጀመሪያ ማወቅ ያለባት ያ ነገር ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሁን ወይስ ጥጥር ሥጋ ነው። ይህን አልትራሳውንድ ይለያል፤ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ ጨረር የለበትም። አብዛኛው የጡት እጢ ካንሰር አይደለም፤ አንዷ እናት ይህን በሰዓቱ ብታውቅ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ታተርፋለች! ምስሉ የሚያጠራጥር ከሆነ ባለሙያው በዚያው ምስል እየተመራ መርፌ አስገብቶ ናሙና ይወስዳል። ካንሰር ነው ብሎ የሚፈርደው ናሙናው እንጂ ምስሉ አይደለም። ማሞግራፊ የሚባለው የጡት ራጅ ደግሞ በእጅ ሊዳሰስ ያልደረሰውን እጢ ያሳያል። በወጣት ሴት ላይ ግን ይቸግረዋል፤ የጡቷ ሥጋ ጥቅጥቅ ስለሆነ በምስሉ ላይ ይነጣል፣ እጢውም ነጭ ነው። ጦሳ ተራራን ጉም ሲያለብሰው እዚያ ላይ ነጭ በግ እንደመፈለግ ማለት ነው። ስለዚህ አልትራሳውንዱም ማሞግራፊውም ያስፈልጋሉ።

ምስል በሽታውን በማግኘት ብቻ አያበቃም። ካንሰሩ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት መዛመቱ የሚታወቀው በራጅ፣ በሲቲ ስካን (የሰውነትን ውስጥ በራጅ ጨረር ንጣፍ በንጣፍ በሚያሳየው መሣሪያ) እና በመሳሰሉት ነው። ቀዶ ሕክምናው ይቅደም ወይስ መድኃኒቱ የሚለው የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረም በኋላ አዲሱ ምስል ከአሮጌው ጎን ተይዞ ይታያል፤ እጢው ካነሰ ይቀጥላል፣ ካደገ መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላል። ሲቲ ስካን እዚህ እንተክላለን ብለን አናታልላችሁም፤ አቅማችንም አይደለም። እኛ የምንለው የመጀመሪያው በር እዚሁ ይከፈት ነው። ራጅና አልትራሳውንድ አሁን፣ ማሞግራፊ ቀጥሎ።

ይህንንም እንናገር፣ ለገንዘብ ማሰባሰቡ ባይጠቅምም። የማኅጸን በር ካንሰር ምርመራ ይህን ክፍል አይጠብቅም። በአሴቲክ አሲድ (በኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ) የሚደረገው ምርመራ በጤና ተቋም በደቂቃዎች ያልቃል። እናቶች፣ ጣሪያችንን ሳትጠብቁ ሂዱ።

ሮንትገን የሚባለው ጀርመናዊ የራጅን ጨረር ያገኘው በ1895 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኅዳር ላይ ነው፤ የሚስቱን እጅ ከነቀለበቷ አነሣበት። በዚያው ሰሞን የዐድዋ ጦር እኛው ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ይከት ነበር። ያ ጦር ዘምቶ፣ ድል አድርጎ ተመለሰ። ራጁ ግን እስከዛሬ እኛ ሰፈር አልደረሰም።

የሠራነውን አትርሱብን። በ2014ቱ ጦርነት የጤና ተቋሞቻችን ሲዘረፉ ፍራሽና ብርድ ልብስ ከየቤታችሁ ተሸክማችሁ ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ። መሠረቱ በወንፈል ተቆፈረ። ድንጋዩን የደጋ ሰዎች በአህያ አወረዱት። የራጅ መሣሪያው የተገዛው በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ ልጆቻችን ከደመወዛቸው ባዋጡት ነው። እነዚያ ልጆች በየሳምንቱ ‹‹ሥራ ጀመረ?›› ብለው ይደውላሉ፣ እኛም የምንመልሰው አጥተናል።

አሁን የሚያስፈልገው 74 ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ የብረት ወራጅ፣ ኮርኒስ፣ የሽቦ ጥገናና የሠራተኛ ዋጋ ነው፤ በጠቅላላው 486,000 ብር። በሒሳቡ ያለው 91,300 ብር ብቻ ነው። በግንቦቱ ስብሰባ ቃል የተገባው ገንዘብ ግማሹ አልገባም። ስም አንጠራም፤ የተመዘገበበት መዝገብ ግን አለ።

ባለፈው ወዳጃ (የጋራ ጸሎት) ላይ ሼኹ ይህ ሥራ ሰው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ ነው ብለዋል። ቄሱም በሽተኛን መጠየቅ እንጀራ በሞሰብ ይዞ መሄድ ብቻ እንዳይመስላችሁ ብለዋል። ሁለቱም ከኮሚቴው ጋር ቆርቆሮ ተሸክመዋል፤ አይተናቸዋል።

ገንዘብ የሚገባው በንግድ ባንክ፣ ‹‹የምስል ምርመራ ክፍል ማሠሪያ›› በሚል ስም በተከፈተው ሒሳብ ነው። ቁጥሩ በደረሰኛችሁ ጀርባና በየቅሬው ቤት ሰሌዳ ላይ ታትሟል። ወጪ የሚሆነው በሦስት ፊርማ ነው። ባለፈው ወር አንድ ሰው በኮሚቴው ስም ሌላ ቁጥር ሲያሰራጭ ስለተገኘ ደግመን እንላለን፦ በደረሰኙ ጀርባ ካለው ቁጥር ውጭ ለማንም አታስገቡ። በግለሰብ ስልክ ‹‹ኮሚቴው ነኝ›› የሚል ቢደውል ዝጉበት። በእጅ መስጠት የምትፈልጉ ገንዘብ ያዡ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀትር በቅሬው ቤት ይቀመጣል። ቆርቆሮ፣ ሚስማር ወይም የአንድ ቀን ጉልበት የምትሰጡም እዚያው ተመዝገቡ። በውጭ ያላችሁ ከላካችሁ በኋላ የባንኩን ወረቀት ፎቶ ለዘመዳችሁ ላኩ፤ ዘመዳችሁ ይዞት ይምጣ፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

የሒሳቡ ስም አሁንም ‹‹የምስል ምርመራ ክፍል ማሠሪያ›› ነው፤ ቁጥሩ ከደረሰኙ ጀርባ ነው። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ።

የኮሚቴው ጸሐፊ