አንገታችንን ለምን እንደደፋን ማንም አልጠየቀንም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ጦማሪዎችና ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ወዳጆች ስብሰባ ያወጣችሁትን ዘገባ 3 ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በደስታ ነው፤ ስለ እኛ ተጻፈ ብዬ። ቀጥሎ በጥርጣሬ። በመጨረሻ በንዴት። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ብዙ ነገር ተሳስታችኋል። እኔን እንቅልፍ የነሳችኝ ግን ከፎቶው ሥር ያለችው አንዲት መስመር ናት። «ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ አይነጋገሩም፤ ሁሉም በየስልኩ ተጠምዷል» ትላለች። አንባቢ ፎቶውን አይቶታል። 14 ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። የስልኩ ብርሃን ፊታቸው ላይ ወድቋል። መግለጫውን ያነበበ ሰው «ምስኪኖች» ብሎ ቢያልፍ አልፈርድበትም።

ከግራ ሁለተኛው እኔ ነኝ። በዚያች ደቂቃ ምን እየሠራን እንደነበር ልንገራችሁ።

መሃል ላይ የተቀመጡት እናት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው። ሁላችንም «ቲቸር» ነው የምንላቸው። ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ ለሚያስጠኑ ወላጆች ክፍልፋይንና አሉታዊ ቁጥርን በቀላሉ የሚያስረዳ ጦማር አላቸው። ከዚያ ቀን 2 ሳምንት በፊት የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንታቸው ተሰርቋል። አካሄዱ የታወቀ ነው። ከሚያውቁት ሰው ስም መልእክት ይመጣል። «ባለ 6 አኃዝ ቁጥር በስህተት ወደ እርስዎ ስልክ ተልኮብኛል፤ እባክዎ ይላኩልኝ» ይላል። መልእክቱን የሚጽፈው ግን ያ የሚያውቁት ሰው አይደለም፤ የእሱም አካውንት ቀድሞ ተጠልፏል። ቁጥሩ ደግሞ የቲቸር የራሳቸው አካውንት መግቢያ ነው። ሴትየዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲረዱ የኖሩ ናቸው፤ ላኩለት። ወዲያው ከገዛ ገጻቸው ተባረሩ። በስማቸውም «ገንዘብ ቸግሮኝ ነው» የሚል መልእክት ለወዳጅ ዘመዶቻቸው ይበተን ጀመር።

እንደ ምንም ብለን አካውንቱን አስመለስን። ያን ቀን የተገናኘነው ዳግም እንዳይደርስባቸው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ልናስጀምርላቸው ነበር፤ ከይለፍ ቃሉ ሌላ፣ ስልክ ላይ የሚመጣ ቁጥርም የሚጠይቅ መቆለፊያ ነው። ገና ስንጀምር አንዱ ልጅ «ቆይ፣ ስንቶቻችን ራሳችን አድርገነዋል?» አለ። 5 እጅ ብቻ ወጣ። አፈርን። «በሉ፣ ሁላችንም አሁኑኑ ስልካችንን እናውጣ» ተባለ። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው።

ማረጋገጫውን የሚሰጠው አፕ ቁጥሩን በየ30 ሴኮንዱ ይቀይረዋል። ቲቸር መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አራተኛው አኃዝ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ይለወጥባቸዋል። «ይሄ ነገር ትንሽ አይታገስም እንዴ?» አሉ። አጠገባቸው የነበረችው ልጅ «ቲቸር፣ ይሄኛው ይለፍ፤ አዲሱ ልክ ሲመጣ ይጀምሩ» አለቻቸው። በሦስተኛው ሙከራ ገባላቸው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው የመጠባበቂያ ኮዶቹን፣ ስልኩ ሲጠፋ መግቢያ የሚሆኑትን፣ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ጻፉ። በስልክ ፎቶ እንዳያነሷቸው ነግረናቸዋል፤ ስልኩ ከጠፋ ኮዱም አብሮት ይጠፋላ።

«አይነጋገሩም» ያላችሁት ይህን ነው። ፎቶ አንሺያችሁ ጭብጨባውን አልሰማም፤ ቀድሞ ወጥቷል። የቆየው 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ሥራ ስለሚበዛበት ቶሎ መውጣቱን አልነቅፍም። የምነቅፈው ያልሰማውን እንደሰማ አድርጋችሁ ማተማችሁን ነው። አንዳችንን ጠጋ ብሎ «ምን እየሠራችሁ ነው?» ማለት ስንት ሴኮንድ ይፈጃል?

ዘጋቢያችሁም ቢሆን አልጠየቀም እንዳልል ጠይቋል። ከእኔ ጋር ብቻ 40 ደቂቃ በስልክ አውርቷል። ስለ ቲቸር ነገርኩት። ስለ ጽሑፍ አርትዖት ምሽታችን ነገርኩት፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ ምላስ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር ወዲያው ይታወቃል። ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ፎቶን በጽሑፍ መግለጽ የተማማርንበትንም ቀን ነገርኩት። በመጨረሻ «አንተ ስንት ፎሎወር አለህ?» አለኝ። «300 ገደማ» አልኩት። ድምፁ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ። ከ40 ደቂቃው አንዲት ቃል አልወጣችም። ዘገባው ላይ የተጠቀሱት 3 ሰዎች ሁሉም ባለ ብዙ ተከታይ ናቸው። ሁለቱ እኛ ዘንድ ረግጠው አያውቁም። ስለ ስብሰባችን ለመናገር ሚዛኑ የተከታይ ብዛት ከሆነ፣ የመጣንበትን ነገር ገና ከመነሻው ስታችሁታል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ስህተት አለ። ስብሰባውን «ቲክቶክ የወለደው አዲስ ፋሽን» ብላችሁታል። ልጁን ለማይወልደው ወላጅ ሰጣችሁት። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ቲክቶክ በዚህ ስሙ ለዓለም የወጣው በ2017 ነው። በኢንተርኔት የሚተዋወቁ ሰዎች በየአካባቢያቸው በአካል እንዲገናኙ ያደረገው ሚትአፕ ደግሞ የተመሠረተው በ2002 ነው። 15 ዓመት ይቀድማል። ከመሥራቾቹ አንዱ ስኮት ሃይፈርማን ነው። ሐሳቡ የመጣለት በ2001 ኒውዮርክ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ፣ ተዋውቀው የማያውቁ ጎረቤቶች እርስ በርስ መነጋገር ሲጀምሩ አይቶ እንደሆነ ተናግሯል።

የጦማሪዎች መሰባሰብም ቢሆን የትናንት አይደለም። በ2003 ዴቭ ዋይነር ጦማሪዎችን ሃርቫርድ ላይ ጠርቶ ብሎገርኮን የተባለውን ጉባኤ ጀመረ። በ2005 ብሎግኸር የተባለው የሴት ጦማሪዎች ጉባኤ ተከተለ። እሱ የተወለደው «ሴት ጦማሪዎች የት አሉ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ሲነሳ፣ ሴቶቹ «እዚህ አለን» ብለው ነው። በዚያው ዓመት ባርካምፕ መጣ። እዚያ ቀድሞ የተዘጋጀ ፕሮግራም የለም፤ የመጣው ሰው ራሱ ያወጣዋል። በ2006 ደግሞ ወርድፕሬስ በተባለው የጦማር መሥሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ወርድካምፕ ሳንፍራንሲስኮ ላይ ተጀመረ። ይህን ሁሉ ለማወቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ንባብ ይበቃል።

ቃሉ ራሱ ይመሰክርላችሁ ነበር። «ዌብሎግ» የሚለውን ስም ጆርን ባርገር በ1997 አወጣው። በ1999 ፒተር መርሆልዝ ገጹ ላይ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ «ዊ ብሎግ» ብሎ ጻፈው። «ዊ» በእንግሊዝኛ «እኛ» ነው። ብሎግ የሚለው አጭር ስም የመጣው ከዚያ ነው። እኛ ደግሞ ጦማር አልነው። በግዕዝ ጦማር ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ የሚቀበለው ሰው ይፈልጋል። ጦማሪ የሚያነበውን ሰው በአካል ማግኘት ቢያምረው ምኑ ነው አዲስ ፋሽን?

እኔ ወደዚህ ስብሰባ የመጣሁት ችግር ገፍቶኝ ነው። የመጀመሪያ ጦማሬን የጻፍኩበት ነፃ አገልግሎት ተዘጋ። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል የተላከው ድሮ ወደተውኩት አድራሻ ነው። የ4 ዓመት ጽሑፌ ሄደ። አባቴ ያረፈ ሰሞን የጻፍኩትም ውስጡ ነበር፤ ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም። ብዙ ሰው ይህ ደርሶበታል። የጦማር ማንበቢያው ጎግል ሪደር በ2013 ተዘጋ፣ የአጭር ቪዲዮ መጋሪያው ቫይን በ2017፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ጎግል ፕላስ በ2019። በተዘጋ ቁጥር ሰዉ ይበተናል።

አንድ ወዳጄ «ና እስቲ፣ እዚያ የሚያውቁ ልጆች አሉ» ብሎ ወሰደኝ። የደረሰብኝን ሳወራ ከማላውቃቸው አንዱ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረና «የድሮ አድራሻህን ንገረኝ» አለኝ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ድርጅት ድረ ገጾችን በየጊዜው እየቀዳ ያስቀምጣል። ዌይባክ ማሽን በሚባለው መሣሪያው የድሮ ገጽ መፈለግ ከ2001 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። እኔ አላውቅም ነበር። አድራሻዬን ጻፈው። ጠበቅን። ገጼ ከነድሮ ቀለሙ መጣ። ፎቶዎቹ የሉም፤ በቦታቸው ባዶ ሳጥን ነው ያለው። ጽሑፉ ግን አለ። የአባቴን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ልጁ ቀስ ብሎ ወንበር አቀረበልኝ፣ ምንም አላለኝም። ያን ጊዜም ፎቶ የሚያነሳ ቢኖር ሁለት ሰው ስክሪን ላይ አፍጥጦ ነበር የሚያገኘው።

እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ሁላችንም ለቁም ነገር አንመጣም። ፎሎወር ፍለጋ ብቻ የሚመጣ አለ። ላይክና ተከታይ የሚሸጥ ሰው ገብቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ያደነቆረን ቀን አለ። ጥግ ይዞ ስልኩን ሲነካካ አምሽቶ የሚሄድም አይጠፋም። እነዚህን አይታችሁ ብትጽፉ ኖሮ አንድ ቃል አልተነፍስም ነበር። የጻፋችሁት ግን ያላችሁት ፎቶ ላይ የሌለውን ነው።

አሁን በጣም ወዳሳዘነኝ ልምጣ። እኛ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። ፎቶ መነሳት የማይፈልግ ሰው አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ያደርጋል። ለፎቶ አንሺያችሁ በር ላይ ነግረነዋል፤ «እሺ፣ ችግር የለም» ብሏል። እዚያ ፎቶ ላይ 3 ቀይ ማሰሪያ በግልጽ ይታያል። ከሦስቱ አንዱ በብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ነው። ማን እንደሆነ፣ ስለምን እንደሚጽፍም አልናገርም። ዘገባው በወጣ በማግስቱ ጦማሩን ከነጽሑፉ አወረደው። ስንደውልለት አያነሳም። ሰውየው እዚያ የመጣው የሚያምነው ቦታ ስለሆነ ነው፤ ያን እምነት ለመገንባት ዓመት ፈጅቶብናል። «ሰው ከስልኩ በቀር ጓደኛ አጣ» ብሎ የሚያዝን ጋዜጣ፣ አንድን ሰው ከጓደኞቹ መሃል አስወጣ። ይህንን እንዴት ነው የምትመልሱት?

ስለ ዘገባው ሁሉ ይቅርታ ጠይቁ አልልም። የምጠይቀው 2 ነገር ነው። አንደኛ፣ ድረ ገጻችሁ ላይ ያለው ፎቶ ዛሬውኑ ይውረድ፤ ወይም ቀይ ማሰሪያ ያደረጉት ሰዎች ፊት እንዳይለይ ይደረግ። የታተመውን መመለስ አይቻልም፤ ይሄኛው ግን የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የመግለጫዋ መስመር በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቦታ ትታረም። ከባድ እንዳይሆንባችሁ ጽፌላችኋለሁ፦

«ጡረታ የወጡ መምህርት አካውንታቸው ዳግም እንዳይሰረቅ ሲረዷቸው፤ በሦስተኛው ሙከራ ተሳክቷል።»

ከፎቶው በግራ በኩል ሁለተኛ ከተቀመጠው