ይድረስ ለሰብለ፤ የጀበና ጉዳይ

ውድ እህቴ ሰብለ፣

እንዴት ነሽ ባያሌው? ልጆችሽስ? የላይፕዚግ ብርድ ለመደሽ ወይስ አሁንም ጋቢ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እናትሽን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ። ጉልበታቸውን ያማርራሉ እንጂ ምላሳቸው እንደ ድሮው ነው።

ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ! ማን ቀድሞ እንደ ዘጋ አልቆጥርም፣ አንቺም አትቁጠሪ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ጉዳይ ስላለኝ ነው። ከአንቺ በቀር የሚፈጽምልኝ የለም። መጀመሪያ ወሬውን ስሚ።

ወሬው ስለ ሸክላ ነው። አትሳቂ። ዘንድሮ ለተማሪዎቼ ስለ ሸክላ ታሪክ ልነግራቸው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዚያ መውጣት አቃተኝ። እኛ ስንማር ትዝ ይልሻል? ሰው እርሻ ጀመረ፣ እህሉን የሚያስቀምጥበት ሲቸግረው ሸክላ ሠራ ይሉን ነበር። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። ቻይና ውስጥ ሺያንረንዶንግ የሚባል ዋሻ አለ። ከዚያ የወጣው ገል 20 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ሆነ። ያኔ እርሻ የሚባል ነገር የለም። ሰዎቹ አድነውና ለቅመው የሚበሉ ናቸው። የገሉ ውጪ የእሳት ምልክት አለበት፤ ያበስሉበት ነበር ማለት ነው። እስኪ አስቢው፣ ከእርሻው በፊት ድስቱ! የእኛም አህጉር አልዘገየም። ማሊ ውስጥ ኡንጁጉ በተባለ ቦታ ከ11 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው ሸክላ ተገኝቷል።

ይህን ሁሉ አንብቤ ወለቃ ወረድኩ። ወለቃን መቼም አትረሺውም፣ በደባርቅ መንገድ ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ያለውን። ድሮ የቤተ እስራኤል ሰፈር ነበር። እናቶቹ ሸክላ፣ አባቶቹ ብረት ይሠሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ሕዝቡ ወደ እስራኤል ሄደ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጉዟል። ሰዎቹ ሄዱ፣ ሥራው ግን ቀረ። የቀሩት ጎረቤቶች ይዘውታል።

አንዲት ሴትዮ አጠገብ ተቀምጬ ስታበጅ አየሁ። አሮጌ ገል ትወቅጣለች፣ ትነፋለች፣ ከአዲሱ አፈር ጋር ትለውሰዋለች። ጭቃውን ሰባራ ምጣድ ላይ አድርጋ በግራ እጇ እያዞረች በቀኟ ወደ ላይ ትስበዋለች። የጀበናውን አንገት ለብቻው ሠርታ ቀጠለችው። ከዚያ በለስላሳ ጠጠር ስትፈገፍገው፣ ስትፈገፍገው፣ እኔ ደከመኝ። «ገሉን ለምን ትጨምሪበታለሽ?» ብላት «ያለሱማ እሳት ላይ ይፈነዳል» አለችኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ በሚል ዓይን።

የሴትዮዋ መልስ ትክክለኛ ሳይንስ ነው። ጀበና ፍም ላይ ሲቀመጥ ታቹ ይግላል፣ አንገቱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ታቹ ሊሰፋ ይፈልጋል፣ ላዩ አልሰፋም። በዚህ መሀል ስንጥቅ ይጀምራል። የተወቀጠው ገልና በሸክላው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስንጥቁን ባለበት ያቆሙታል። የቻይና ሸክላ የሚባለው፣ ሲኒ የሚሠራበት ፖርሴሊን፣ ይህን አይችልም። እሱ ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈርና ከተፈጨ ድንጋይ ተሠርቶ እስከ 1,300 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ይተኮሳል፤ ውስጡ እንደ መስታወት ይደፈናል። ውሃ አያስገባም፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲነኩት ይጮኻል። ፍም ላይ ግን ሲኒሽን አስቀምጪው እስኪ! (አታስቀምጪው።) እና ረከቦታችን ላይ ሁለት የዓለም ታሪክ ተገናኝቶ ነው ለካ ቡና የምንጠጣው፤ ሲኒው የቻይናዎቹ ጥበብ፣ ጀበናው የእናቶቻችን።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። የአንቺው አገር፣ የጀርመኗ ሳክሶኒ ገዢ የነበረው ኃያሉ አውጉስጦስ ለቻይና ሸክላ ያበደ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1717 ለፕሩሲያው ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ 151 የሸክላ ዕቃ ተቀበለ። ወታደር በማሰሮ! ከዚያ በፊት ደግሞ ወርቅ እሠራለሁ ያለ ቦትገር የሚባል ወጣት ይዞ በጥበቃ ሥር አስቀምጦ ነበር። ልጁ ወርቁን አልሠራም። ከሊቁ ቺርንሃውስ ጋር ሆኖ ግን እ.ኤ.አ. በ1708 የቻይናውን ሸክላ ምስጢር ደረሰበት። በ1710 ማይሰን ከተማ ላይ የዚህ ሸክላ ፋብሪካ ተከፈተ፤ እስከ ዛሬም ይሠራል።

እኛስ ምን አደረግን? ቅዳሜ ገበያ ወርደን ጀበናውን ተከራክረን እንገዛለን፣ የሠራችውን ግን ቡና ጠጪ አንልም። ከኋላዋ «ቡዳ ናት» እንላለን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ከአፋችን አልወጣም። አንዱ ጭቃ በወታደር ይለወጣል፣ ሌላው ያሰድባል። በእጅ ስለሚሠራ ነው እንዳትዪኝ። በድሮዋ ፔሩ ሞቼ የሚባሉት ሰዎች ያለ ማሽከርከሪያ የሠሩት የሰው ፊት ያለበት ሸክላ አሁን ሊናገር የደረሰ ይመስላል። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ማሪያ ማርቲኔዝ የምትባል ሴት እሳቱን በደቀቀ የፈረስ ፋንድያ አፍና በጭሱ ሸክላዋን ታጠቁር ነበር፤ ዕቃዎቿ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ፋንድያ እኮ ነው! የእኛዋስ በምን አነሰች?

ናይጄሪያዎች ቢያንስ አንድ ነገር አድርገዋል። ላዲ ክዋሊ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረቻቸው። ትልልቅ እንስራ በእጇ እየሠራች፣ እንሽላሊትና አዞ እየሳለችበት ኖራ በዓለም ታወቀች። ምስሏን 20 ናይራ ላይ አተሙት። ብር ላይ! ይህን ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው አንዷ ልጅ «አያቴ እኮ ሸክላ ሠሪ ናት» ብላ እጇን አወጣች። እስከ ዛሬ ተናግራው አታውቅም።

ጉዳዬ እንግዲህ ይኸውልሽ። አውጉስጦስ በወታደር የለወጣቸው ትልልቅ ማሰሮዎች ድሬስደን ናቸው፣ ስቪንገር በተባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ። ከአንቺ በባቡር ሩቅ አይደለም። ሂጂና አጠገባቸው ቆመሽ ፎቶ ተነሽልኝ፤ ልጆቹ ከሰው ጋር አስተያይተው ቁመቱን እንዲያዩ። የተለጠፈውን ጽሑፍም አንብቢልኝ። ስለ 600ዎቹ ወታደሮች ምን ይላል? ስለ ንጉሡ ብዙ እንደሚያወራ አልጠራጠርም፤ ጭቃውን ስላቦኩት ስለ ቻይናዎቹስ አንድ መስመር አለው?

እኔ ደግሞ ከሴትዮዋ የገዛሁልሽን ጀበና ሰው ሲገኝ እልካለሁ። ከእናትሽ በርበሬ ጋር በአንድ ላይ እጠቀልለዋለሁ፣ እንዳይሰበር። ሲደርስሽ መጀመሪያ አሟሺው፤ በቡና አተላ ደጋግመሽ አፍዪበት። እዚያ ያ በማግኔት የሚሠራው ምድጃ ከሆነ ያለሽ፣ ሸክላ አያሞቅም አሉ። ጋዝ ያላት ጎረቤት ፈልጊ።

የአንቺው
አስካለ
ከጎንደር