ዝናቡ ሳይቀድመን፦ ለሰፈራችን ሜዳ የድጋፍ ጥሪ ከቢሾፍቱ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የቢሾፍቱ ልጆች። ደብረ ዘይት እያላችሁ ያደጋችሁም፣ ቢሾፍቱ እያላችሁ ያደጋችሁም፣ እዚሁ ያላችሁም፣ ሩቅ አገር ያላችሁም። ይህ ጽሑፍ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከመጀመሪያው ብንናገረው ይሻላል። የጎደለን 588,000 ብር ነው። የሚውለውም ለአንድ የሰፈር ሜዳ ነው። ለምን እንደሆነ ረጋ ብለን እናስረዳ።

ከተማችንን የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ሐይቆቿን ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ መሐል ከተማ ያለው ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ወፎች የሚሰፍሩበት ጨለለቃ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የምንርቀው። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህማ ለአዲስ አበባ ሰው ጓሮው ሆነናል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መኪናው ይጎርፋል። ሠርገኛው አለ፣ ለስብሰባ የመጣው አለ፣ ዓሣ ሊበላ የወጣው አለ፣ ልጆቹን ሊያዋኝ ይዞ የመጣው አለ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ለኢሬቻ ሆራ አርሰዲ የሚሞላውን ሕዝብ መንገር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ እንጀራችን ነው። ከሰፈራችን ወጣቶች ስንቱ በሆቴልና በሎጅ አስተናጋጅ፣ አትክልተኛ፣ ምግብ አብሳይ ሆኖ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ባጃጁም፣ ሱቁም፣ ፍራፍሬ ሻጩም የሚኖረው በእንግዳ ነው። ስለዚህ እንግዳ በዛብን ብለን አናማርርም። ግን ሌላው ሊዝናና በሚመጣበት ከተማ የራሳችን ልጅ የት ይጫወት? የሐይቁ ዳር አብዛኛው ታጥሯል፤ መግቢያው በክፍያ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ሦስትና አራት ልጅ ይዞ የሚደፍረው ሂሳብ አይደለም።

አጥር በሌለበት በኩል ደግሞ ሐይቁ ራሱ ያስፈራል። አብዛኞቹ ሐይቆቻችን በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ጉድጓዶች ናቸው። ዳራቸው ገደል ነው። ጥቂት እርምጃ ከገቡ በኋላ እግር መሬት ያጣል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። ክረምት ላይ ልጅ ከቤት ወጥቶ ሲዘገይ የእናቱ ልብ ሐይቅ ሐይቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ድሮ ይህ ጭንቀት እንዲህ አልነበረም፤ ክፍት ቦታ ነበራ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የከተማችን ነዋሪ 99,928 ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር እንደተቆረቆረ ዓይን ያለው ያያል። ልጆች ኳስ ያንከባልሉበት የነበረው ባዶ መሬት አንድ በአንድ ቤት፣ ግንብ አጥር፣ መጋዘን ሆነ። በእኛ በኩል የቀረው አንድ ሜዳ ነው።

ሜዳችን ያለው በከተማው ለጥ ባለው ወገን ነው፤ ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረ የአድዓ መሬት ነው። 60 ሜትር በ40 ሜትር ይሆናል። በሁለቱ ጫፍ በባሕር ዛፍ የተሠራ ጎል ቆሟል፤ የአንዱ አግዳሚ ተሰብሮ በገመድ ታስሯል። በአንድ ወገን የእድሩ ቤት አለ፣ በሌላው ወገን የባጃጅ ተራ። ቦታው ለስፖርትና ለሰፈሩ የጋራ አገልግሎት እንዲውል የአካባቢያችን አስተዳደር በደብዳቤ ፈቅዶልናል። ደብዳቤው እድሩ ቤት ተቀምጧል፤ ማየት የፈለገ ጎራ ብሎ ማየት ይችላል።

እሑድ ማለዳ ማስ ስፖርት አለ። ነጠላቸውን ጎሉ ላይ ሰቅለው የሚሮጡ እናቶች ታያላችሁ። ብዙዎቹ ሐኪም ስኳር ወይም ደም ግፊት አለብሽ ካላቸው በኋላ የጀመሩ ናቸው፤ አሁን ማንም አያስቀራቸውም። ከሰዓት በኋላ ሜዳው የሕፃናት ነው፤ ከ10 ሰዓት ወዲያ ወጣቶቹ ይረከባሉ። ጥግ ላይ አባቶች በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። ለቅሶ ሲሆን የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ነው። ሠርግም እንደዚያው። የሰፈሩ ደመራ የሚበራውም እዚያ ነው። ኳሱን አንዱ በአማርኛ ይጠራል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይመልሳል፣ ዳኛው በሁለቱም ይቆጣል። ጎረቤት ከጎረቤት የሚተዋወቀው በዚህ ሜዳ ነው ብንል አላጋነንንም። አዲስ ተከራይ እንኳን ልጁን ፍለጋ ሜዳው ድረስ ሲመጣ ነው ከሰፈሩ የሚላመደው።

ችግሩ አፈሩ ነው። ዋልካ ነው። ለጤፍና ለምስር የሚመሰገነው ያው ጥቁር አፈር ለኳስ ጠላት ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መጋቢት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታገኛላችሁ፤ የስንቱን ልጅ ቁርጭምጭሚት አጣሟል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጭቃው ጫማ ከእግር ነጥቆ ያስቀራል። ከአስፋልቱ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ መውጫ የለውም። ዝናቡ ካቆመም በኋላ ብዙ ቀን ይቆያል።

አሁን ዋናውን ነገር አስቡት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። ሜዳችን የሚዘጋውም በክረምት ነው። ልጆቻችን ሙሉ ቀን ነፃ በሚሆኑበት በዚያው ጊዜ ያላቸውን ብቸኛ ቦታ ያጣሉ። ታዲያ የት ይሂዱ? ትንንሾቹ ወደ ሐይቅ ይወርዳሉ። ትልልቆቹ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ፑል ቤት፣ ቤቲንግ ቤት ይውላሉ። ቤቲንግ ቤቱ ጣራ አለው፤ ዝናብ አይገባበትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ የእናቱን የአስቤዛ ገንዘብ ይዞ ትኬት ሲቆርጥ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ የሰፈሬ ሰው ያውቀዋል። ልጁን ብቻ አንውቀስ። ሌላ መዋያ አልሰጠነውም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ግን በግማሽ የሚሠራ አይደለም። ጥቂት መኪና ገረጋንቲ አምጥቶ ከላይ መድፋት ገንዘብ መቅበር ነው። ዋልካ ይውጠዋል፤ ለከርሞ ቦታው ላይ አታገኙትም። የሰፈራችን ልጅ የሆነ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ቦታውን ለክቶ ጥናቱን በነፃ ሠርቶልናል። እግዚአብሔር ይስጠው። በእሱ ጥናት መሠረት መጀመሪያ የላይኛው ጥቁር አፈር ተዝቆ ይነሳል። አይጣልም፤ በሜዳው ዙሪያ ለሚተከሉት ዛፎች ይውላል። ቀጥሎ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ይሞላል። በዚህ ታድለናል፤ በከተማችን ዙሪያ ያሉት ቀይ ኮረብቶች የሚዛቅባቸው እሱ ነው። ውሃ አይዝም፣ ያሳልፋል። ከዚያ በሮለር ይጠቀጠቃል። መሐሉ ትንሽ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዘቅዘቅ ይላል። በሁለት ወገን ቦይ ይቆፈርና ውሃው አስፋልቱ ዳር ካለው የጎርፍ መውረጃ ጋር ይገናኛል። በመጨረሻ ከላይ የተነፋ ቀይ አፈር በስሱ ይለብሳል፤ ምክንያቱም ሬድ አሽ ብቻውን የወደቀ ልጅ ጉልበት ይልጣል።

ወጪው ይኸው። 30 ሲኖ ሬድ አሽ ያስፈልጋል። በተሰጠን ዋጋ አንዱ ሲኖ ከነማጓጓዣው 15,000 ብር ነው፤ ድምሩ 450,000 ብር። ለሎደር፣ ለግሬደርና ለሮለር ኪራይ 180,000 ብር። ለቦዩ ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ቱቦና ግንበኛ 170,000 ብር። ሁሉም 800,000 ብር ይሆናል። እስካሁን ከእድሩ አባላት፣ ከሱቆች፣ ከባጃጅ ሾፌሮችና ከጥቂት ወዳጆች 212,000 ብር ሰብስበናል። የቀረው ያ በመጀመሪያ የጠቀስነው 588,000 ብር ነው። ከግንበኛው ሥራ በቀር የጉልበት ሥራውን የሰፈሩ ሰው ይሠራዋል፤ ለዚያ አንድ ብር አልተያዘም።

ፓውዛ፣ የውሃ ሮቶ፣ ሽንት ቤትና አነስተኛ ሱቆች በሁለተኛው ዙር ሐሳብ ውስጥ አሉ። ለእነሱ ዛሬ ገንዘብ አንጠይቅም። መጀመሪያ መሬቱ ይቅና። ስለ ሱቆቹ ግን አንድ ነገር ልበል፤ እኔም ራሴ ሜዳው ዳር ትንሽ ሱቅ ስላለኝ ነገሩ ቅርቤ ነው። ሜዳው ሰው ሲይዝ ገበያ ይዞ ይመጣል። ጀበና ቡና የሚያፈሉት፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱት፣ ቅቅል ድንች በዳጣ የሚሸጡት ሴቶች ኑሯቸው በዚያ ሰው ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ረከቦታቸውን ጠቅልለው ይገባሉ። አንዷ ጎረቤቴ በበጋ ሦስት ልጆች የምታስተምርበትን ቡና ክረምት ላይ ትተወውና ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ትሄዳለች። መስከረም ላይ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ ሲመጣ ባዶ እጇን ነው የምታገኘው። ወደፊት ሱቆቹ ሲሠሩ በአነስተኛ ኪራይ ቅድሚያ የሚያገኙት አሁን በፀሐይና በአቧራ ላይ የሚሠሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ይህ በእድሩ ስብሰባ በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ ለሜዳው ጠባቂ ደመወዝና ለጥገና ይሆናል። እንዲህ ካልሆነ በየዓመቱ ለልመና መቆማችን ነው፤ ያንን አንፈልግም።

ስለ ገንዘቡ አያያዝ መጠየቃችሁ አይቀርም፤ መጠየቅም አለባችሁ። ለጋራ ሥራ ተዋጥቶ የት እንደገባ ያልታወቀ ገንዘብ ሰውን ምን ያህል እንዳስመረረ እናውቃለን። ሂሳቡ የተከፈተው በእድሩ ስም ነው። ሦስት ፈራሚ አለው፤ ሦስቱም ካልፈረሙ አይወጣም። ከፈራሚዎቹ አንዷ የሴቶች እድር ተወካይ ናት። ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይቆረጣል። ገቢና ወጪው በየአሥራ አምስት ቀኑ በአማርኛና በኦሮምኛ እድሩ ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ፎቶው ውጭ አገር ላላችሁም በቤተሰቦቻችሁ በኩል ይላካል። ሲኖው ሲራገፍ ሁለት ሰው ቆሞ ይቆጥራል፣ ይፈርማል። የሂሳብ ቁጥሩን ከእድሩ ቤት በር ላይ ታገኙታላችሁ። በግል ስልኩ፣ በግል ሂሳቡ ወይም በግል ቴሌብሩ ላኩልኝ የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ከእኛ አይደለም፤ እባካችሁ አትስጡ።

አሜሪካ፣ አውሮፓ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ላላችሁ የሰፈሩ ልጆች። እዚያም ኑሮ እንደማይቀል እናውቃለን። በተለይ በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቻችን ከደመወዛችሁ የቤት ኪራይ፣ የእናት መድኃኒት፣ የወንድም ትምህርት ቤት እንደሚወጣ እናውቃለን። ስለዚህ ማንም ከአቅሙ በላይ እንዲሰጥ አንጠብቅም። ግን አምስት ሆናችሁ አንድ ሲኖ ብታወርዱ፣ አንድ ክፍል የተማራችሁ ተሰባስባችሁ የአንድ ወገን ቦይ ብትሸፍኑ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ሜዳ ላይ ጥርሱ የተሰበረ፣ ጓደኛ ያፈራ፣ ደመራ የዞረ ሁሉ ይመለከተዋል። የባንክ ቁጥሩን ቤተሰብ ሄዶ ከእድሩ ቤት በር ላይ አንብቦ ይላክላችሁ፤ የደረሰኙን ፎቶም እንዲልክላችሁ ንገሩት።

ለከተማችን ባለሆቴሎች፣ ባለሎጆችና ባለፋብሪካዎችም ጥያቄ አለን። የእናንተ ሠራተኞች ልጆች የሚጫወቱት እዚህ ነው። ገንዘብ ካልተመቻችሁ ማሽን ለአንድ ቀን አውሱን፣ ነዳጅ ሙሉ፣ ሲሚንቶ ላኩ፣ ችግኝ ስጡ። ገልባጭ መኪና ያላችሁ አንዲት ምልልስ በነፃ ብታደርጉልን ከ30ው አንዷን አቃለላችሁ ማለት ነው። በዓይነት የሚሰጠውም ዋጋው ተተምኖ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።

የሰፈሩ ነዋሪ ሆኖ ገና ያላዋጣ፣ 50 ብርም ሆነ 100 ብር ትንሽ ነው ብሎ አይፈር። እስካሁን ከገባው ውስጥ አብዛኛው የመጣው በእንዲህ ያለ እጅ ነው። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እድሩ ቤት ይቀመጣሉ።

ጊዜው አጭር ነው። ሰኔ ከገባ ሎደሩ ራሱ ጭቃው ውስጥ ይሰጥማል፤ ሥራው ለከርሞ ይዞራል፤ ዋጋውም እንደዛሬው አይጠብቀንም። ስለዚህ ገንዘቡ እስከ ግንቦት 10 ተጠቃሎ፣ ማሽኑ በዚያው ሳምንት መግባት አለበት። ገንዘቡ በጊዜው ባይሞላ በእጃችን ባለው ቦዩን ብቻ እንሠራለን፤ ጎርፉ ቢያንስ መውጫ ያገኛል። የቀረውን ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ እንቀጥላለን። የተሰጠ ብር ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም።

ቀይ አፈር የመንፋቱን ሥራ ግን አሁኑኑ እንጀምራለን። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ በየሳምንቱ ከማስ ስፖርቱ በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሜዳው ዳር እንገናኝ። አካፋ ያለው አካፋ፣ የአሸዋ ወንፊት ያለው ወንፊት፣ ጋሪ ያለው ጋሪ ይዞ ይምጣ። ምንም የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ። ቡናው ከእናቶች ነው፤ ውሃ ግን ሁሉም የየራሱን ይያዝ።