የቡችላ ሽያጭ ማስታወቂያ የተወለዱበትን ቀን ይግለጽ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከገና በዓል በፊት በጋዜጣችሁ የማስታወቂያ ገጽ ላይ ከሁለት እናቶች የተወለዱና ለበዓል ስጦታ የደረሱ ትንንሽ የፈረንጅ ቡችሎች እንደሚሸጡ የሚገልጽ ማስታወቂያ አንብቤ ነበር። ዋጋው፣ ስልኩና የቡችሎቹ ቀለም ሳይቀር ተጽፏል፤ የተወለዱበት ቀን ግን የለም። በዚያው ሰሞን እኔም ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ቤት የሁለት እናቶችን ቡችሎች ሳሳድግ ስለነበር፣ የጎደለው ያ አንድ መስመር ከዋጋውም ከቀለሙም የሚበልጥ መሆኑን በራሴ ጥፋት ተምሬአለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

ያሉኝ ሁለት ሴት ውሾች ማልቲዝ ከሚባለው ዘር ሲሆኑ፣ ሁለቱም ከአራት ኪሎ አይበልጡም። የውሻ እርግዝና በአማካይ 63 ቀን ነውና መስከረም ላይ የተጸነሱት ቡችሎች ኅዳር ላይ ተወለዱ፤ የመጀመሪያዋ ኅዳር 12 ቀን አምስት፣ ሁለተኛዋ ኅዳር 21 ቀን ሦስት ወለደች። (ኅዳር ሲታጠን በየደጁ የሚነደው ቆሻሻ ጢሱ ወደ ቤት እንዳይገባ መስኮቱን በጨርቅ እየደፈንኩ ውሻ ማዋለዴን ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።) በመካከላቸው ያለው የዘጠኝ ቀን ልዩነት ያን ጊዜ ከቁም ነገር የሚገባ አልመሰለኝም ነበር፤ እንዲያውም ስምንቱንም በአንድ ድካም አሳድጌ እገላገላለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የደብረ ብርሃን ኅዳር ምን እንደሚመስል ለሰሜን ሸዋ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። አዲስ የተወለደ ቡችላ ደግሞ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት በርዶት እንኳ መንቀጥቀጥ አይሆንለትም፤ ስለዚህ የሚተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ለዚህ ሲባል ሁለት የቲማቲም ሳጥኖችን ከሲሚንቶው ወለል በካርቶን ከፍ አድርጌ በሁለት የተለያዩ ክፍሎች አስቀመጥኩ፤ ፍል ውሃ የሞላሁባቸውን የሃይላንድ ጠርሙሶች በፎጣ እየጠቀለልኩ በየሳጥኑ አንድ ጥግ ብቻ አኖርኩ፤ ሙቀት የበዛበት ቡችላ ወደ ሌላው ጥግ መሸሽ እንዲችል ማለት ነው። የከሰል ማንደጃ እንዳስገባ የመከሩኝ ነበሩ፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰውንም ውሻንም እንደሚገድል ስለማውቅ እሺ አላልኩም። ቡችሎቹ ሲወለዱ 130 ግራም ገደማ፣ ማለትም የሦስት የሐበሻ እንቁላል ያህል ነበሩ። ሁሉም ነጭ ስለሆኑ በየአንገታቸው ላላ ያለ ቀለማም የሱፍ ክር አስሬ፣ ጠዋት ጠዋት በኩሽና ሚዛን እየመዘንኩ በደብተር እጽፍ ነበር። ጤነኛ ቡችላ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርሳል፤ የእኔዎቹም በመጀመሪያ እንደዚያው ሄዱ።

ነገሩ የተበላሸው ኅዳር 29 ቀን ማታ ነው። አምስት የምታጠባው የመጀመሪያዋ እናት ቡችሎቿን ትታ መንጎራደድ፣ ማለክለክ፣ ቀጥሎም እግሮቿን አድርቃ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እኔ የበረዳት መስሎኝ በጋቢ ጠቀለልኳት። ሌሊቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ስወስዳት ግን በርዷት ሳይሆን በትኩሳት እየነደደች ነበር። ሕመሟ የካልሲየም እጥረት ነበር፤ ብዙ ቡችላ የሚያጠቡ ትንንሽ ውሾች ከወለዱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በወተታቸው የሚያወጡት ካልሲየም ሰውነታቸው ከሚተካው በልጦ በደማቸው ውስጥ ያለው ሲያንስ የሚመጣ ነው። ሐኪሙ የልብ ምቷን እያዳመጠ ካልሲየሙን በደም ሥሯ ቀስ አድርጎ ሰጣት፤ አምስቱ ቡችሎች ለአንድ ሙሉ ቀን እንዳይጠቧትም አዘዘ። በእርግዝናዋ ወራት አስቀድሜ የካልሲየም ኪኒን ብሰጣት ኖሮ ይሻል እንደነበር ስጠይቀው፣ ያ እንዲያውም ሰውነቷ የራሱን ካልሲየም ከአጥንት ማውጣትን እንዲረሳ ስለሚያደርገው ሕመሙን እንደሚያባብሰው ነገረኝ።

ቤት ስገባ ለእኔ መፍትሔው ግልጽ መሰለኝ። በሌላው ክፍል ሦስት ብቻ የምታጠባ እናት ስላለች አምስቱን ወስጄ ከሦስቱ ጋር ቀላቀልኳቸው። እናቲቱም ትንሽ አሽትታቸው ዝም አለች። ሁለት እናቶች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ልዩነት ቢወልዱ ይህ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ዘዴ ነው። የእኔዎቹ ግን አምስቱ የ17 ቀን፣ ሦስቱ የ8 ቀን ነበሩ፤ በክብደት የትልልቆቹ አንዱ የትንንሾቹን ሁለት ሊያህል ምንም አልቀረውም፤ ትልልቆቹ ዓይናቸውን ገልጠው በእግራቸው መሄድ ሲጀምሩ ትንንሾቹ ገና በሆዳቸው የሚሳቡ ዕውሮች ነበሩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የውሃ ማሞቂያዬም በኤሌክትሪክ ስለነበር ጠርሙሶቹን ሳልቀይር እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሲነጋ ቢጫ ክር ያሰርኩባት ትንሿ ቡችላ ከክምሩ ተገፍታ ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ አገኘኋት። አፏ ውስጥ ጣቴን ሳስገባ ምላሷ ቀዝቅዞ ነበር። የራባት መሰለኝና የላም ወተት አሙቄ በመርፌ የለሽ ሲሪንጅ አጠጣኋት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ሞተች። ለታመመችው እናት ሙቀት፣ ለበረዳት ልጅ ወተት፤ ለሁለቱም የሰጠሁት ተገላቢጦሹን ነበር። የቀዘቀዘ ቡችላ ሆድ ምግብ አይፈጭም፤ ወተቱ ሆዱ ውስጥ ይቆማል ወይም ወደ ሳንባው ይገባል፤ አስቀድሞ ሰውነት ላይ ለጥፎ ቀስ በቀስ ማሞቅ፣ መጥባት ሲጀምር ብቻ መመገብ ነው የሚገባው። የላም ወተትም ብቻውን ቢሆን የውሻን ወተት አይተካም፤ የውሻ ወተት ቅባቱም ፕሮቲኑም ከላም ወተት እጥፍ ገደማ ነው። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ «የሰው ዓይን ነው ልጄ፤ ለምንስ ታሳያለሽ?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት የእሳቸውን ምክንያት ብቀበል ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ወገን አልቀላቀልኩም። አምስቱን ለዚያች ቀን በእንቁላል አስኳል በወፈረ ወተት በጡጦ አሳደርኳቸው፤ እናታቸው ከተሻላት በኋላም ማጥባቷን በጡጦ ደገፍኩ። በየጠዋቱ ታናናሾቹን አስቀድሜ፣ ታላላቆቹን ከዚያ በኋላ እጄን ታጥቤ እይዝ ነበር፤ በሽታ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ መንቀሳቀስ በጀመሩት በኩል ነውና። ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የተቅማጥ በሽታ ቫይረስ መሬት ላይ ለብዙ ወራት የሚቆይና በሳሙና የማይሞት በመሆኑ ወለሉን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጬ አጥብ ነበር። እናቶቹ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ አስቸገሩኝ። ለዓመታት በአንድ ምንጣፍ ሲተኙ የኖሩት ሁለቱ ውሾች በበር ስንጥቅ እየተያዩ ሲያጉረመርሙ ስለሰነበቱ፣ ለሽንት እንኳ በየተራ ነበር የማወጣቸው።

አሁን ወደ ማስታወቂያው ልመለስ። ታኅሣሥ 28 ቀን፣ የገና ዋዜማ፣ አንዲት እናት ለልጃቸው ስጦታ ፈልገው መጡ። ሰባቱም በግቢው ፀሐይ ላይ ሲንከባለሉ ለማያውቅ ሰው እኩዮች ይመስሉ ነበር። ሴትዮዋ ያነሱት ከታናናሾቹ አንዱን ሆነ፤ ብሩንም ከቦርሳቸው አውጥተው «ሁሉም እኩያ ናቸው አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። አንባቢ ሆይ፣ መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። የሐኪሙ፣ የመድኃኒቱና የወተቱ ወጪ በደብተሬ ላይ ተደምሮ ነበር፤ አዎን ብዬ ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። የያዙት ቡችላ ግን የ37 ቀን ብቻ ነበር፤ ታላላቆቹም ቢሆኑ 46 ቀናቸው ነው። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ቢለይ የንክሻውን ኃይል መመጠን አይማርም፤ ትንንሽ ዘር የሆነው ደግሞ በአዲስ ቤት ደንግጦ አንድ ሁለት ማዕድ ከዘለለ በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ድዱ ላይ ማር ቀብቶ ወደ ሐኪም የሚያሮጥ ሰው ካላገኘ ሊሞት ይችላል። ይህን ነገርኳቸው፤ ታላላቆቹ ስምንት ሳምንት ከሚሞላቸው ከጥር 8 በኋላ እንዲመለሱም ለመንኳቸው። ተቀይመው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

የዕድሜው ነገር ከዚህም ያልፋል። የወስፋት መድኃኒት የሚሰጠው በሁለተኛው፣ በአራተኛው፣ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ነው፤ የውሻ ወስፋት ከእናት በማኅፀንና በወተት የሚተላለፍ፣ ሕፃናትንም የሚይዝ ነውና ሊዘለል አይገባም። የፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባለው የሌላ ተላላፊ የውሻ በሽታ ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ አራት ወር እስኪሞላው በየጊዜው ይደገማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ይሰጣል። የተወለደበት ቀን የማይታወቅ ቡችላ እነዚህን በግምት ነው የሚወስደው። ከገዢዎቼ አንዱ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወገን የመጡ ነበሩ፤ ከዚያ ቅርብ በሆነው በጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ በጥቂት መቶዎች የሚገመት እንስሳ ሲሆን፣ ከቤት ውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ዋና ጠላቶቹ ናቸው። የክትባቱን ቀን በወረቀት ጽፌ የሰጠኋቸው ለዚህም ጭምር ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ዝግጅት ክፍሉ የቡችላ ሽያጭ ማስታወቂያ ሲቀበል የተወለዱበትን ቀን ያስጽፍ፤ ቡችሎቹ ከሁለት እናቶች ከሆኑም የሁለቱም ቀን ለየብቻ ይጻፍ። አስተዋዋቂው ቀኑን አላውቅም የሚል ከሆነ ያም ለገዢው ራሱን የቻለ መረጃ ነው።

ከመጀመሪያዋ እናት የተወለዱት አምስቱ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ከሁለተኛዋ የቀሩት ሁለቱ ጥር 17 ቀን ስምንት ሳምንት ይሞላቸዋል። ማስታወቂያቸውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፤ ቦታ ጠቦ የሚቆረጥ ነገር ካለ ቀለማቸው ይቆረጥ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን