ስታብላይዘሩን ከመግዛትህ በፊት

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ አንተ ጥፍት ያልክ ሰውዬ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዜር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፣ ቨርጂኒያም እንደተውካት ናት፣ ትራፊኩና የቤት ኪራዩ ብቻ ብሶባቸዋል። ማን ጠፋ ማን ፈለገ የሚለውን ሂሳብ ለጊዜው እንተወው። ድምፅህን ቴሌግራም ላይ ስሰማ ደስ አለኝ፣ ከዛ ሳቄ መጣ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠፍቶ ከርሞ የሚጠይቀኝ ስለ ስታብላይዘር፣ ቀስት ላይ ስለሚታሰረው ማርጊያ ዘንግ! በቃ ኮሎራዶ አዳኝ አደረገችህ ማለት ነው። በቮይስ የሚያልቅ ነገር ስላልመሰለኝ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ ከረዘመ ራስህ ነህ የጠየከው።

የቱን ብራንድ ልግዛ አልከኝ። ቆይ እስቲ ብራንዱን። መጀመሪያ ቀስትህን ጫካ ይዘኸው እንደምትገባው አድርገህ ሙሉ አልብሰው፣ ሳይቱም (ማነጣጠሪያው) ሬስቱም (ፍላጻው የሚያርፍበት) ኩዊቨሩም (የፍላጻ መያዣው) ከነፍላጻዎቹ ይታሰርበት። ብዙ ሰው ሱቅ ውስጥ ባዶ ቀስት ይዞ ስታብላይዘር ይመርጥና በኋላ ኩዊቨር ሲያስርበት ሚዛኑ ሁሉ ይገለበጥበታል። አንተ ቀኝ እጅ ስለሆንክ ሳይቱም ኩዊቨሩም የሚታሰሩት በቀኝ በኩል ነው፣ ስለዚህ ቀስቱ ሁሌ ወደ ቀኝ መውደቅ ነው የሚያምረው፣ አንተ ደግሞ ሳታውቀው በእጅ አንጓህ ታቃናዋለህ፣ ያቺ ማቃናት ናት እንግዲህ 40 ያርድ ላይ ፍላጻህን ግራ ቀኝ የምትበትንብህ።

ነገርዬው ምን መሰለህ፣ ስታብላይዘር ዋናው ስራው ቀስቱ እጅህ ላይ እንዳይዞር መቃወም ነው። አካፋ የእጀታውን ጫፍ ይዘህ ቶሎ ቶሎ ግራ ቀኝ ለማወዛወዝ ሞክር፣ እምቢ ይልሃል፣ ብረቱ ጋ ስትይዘው ግን እንደፈለክ ታደርገዋለህ። ለዛ ነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ከእጅህ መራቁ የሚወስነው፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መቃወሙ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 5 ኢንች የሆነች ወፍራም ነገር ጫፍ ላይ 8 ኦንስ ከምትጭን 10 ኢንች ካርቦን ጫፍ ላይ 4 ኦንስ ብታስር ቀስቱን ሳታከብደው የበለጠ ይረጋልሃል። ቀስቱ ከነፓኬጁ ሲሸጥ አብራው የምትመጣዋ አጭሯ ጎማ ነገር ንዝረት ትቀንሳለች ይሉሃል፣ ትንሽ ትቀንስ ይሆናል፣ የዛሬ ቀስቶች ግን ራሳቸው ብዙም አይነዝሩም፣ ፒንህን፣ ሳይቱ ላይ የምታነጣጥርባትን ነጥብ፣ ለማርጋት ደግሞ ምንም አታደርግልህም። በኔ ግምት ጌጥ ናት።

ኢንተርኔት ላይ የምታያቸው 30 ኢንች ዘንግ ይዘው የሚቆሙት ደግሞ የኢላማ ተወዳዳሪዎች ናቸው፣ ሜዳ ላይ ቆመው ነው የሚተኩሱት፣ አንተ በዛ ነገር ቁጥቋጦ ውስጥ ብትገባ ቅርንጫፍ ስትፈታ ነው የምትውለው። እኔ እዚህ ዛፍ ላይ ተቀምጬ አጋዘኑ 20 ያርድ ገደማ ሲደርስልኝ ስለሆነ የምተኩሰው 8 ኢንች ይበቃኛል። አንተ ግን ለኤልክ፣ ለትልቁ የአጋዘን ዘር፣ ነው የምትወጣው፣ መስከረምና ተራራ፣ ደብረ ብርሃንን የሚያስንቅ ከፍታ፣ ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ነፋስም አለ፣ ርቀቱም ከኔ ይበልጣል። ላንተ ፊት ለፊት 10 ቢበዛ 12 ኢንች እላለሁ፣ ቀጠን ያለ ካርቦን ይሁን፣ ወፍራሙን ነፋስ ይገፋዋል። ክብደት ግን አትጨምር አትጨምር! ቀስቱ ባዶውን ከ4 ፓውንድ በላይ ነው፣ ሲለብስ 6 ያልፋል፣ ሳሎን ውስጥ የሚጥም ክብደት ዳገት ላይ ክንድህን ያንቀጠቅጠዋል።

ከፊቱ ይልቅ ሰው የሚረሳው የኋላውን ነው። ባክ ባር ማለቴ ነው፣ ከእጀታው በታች ታስሮ ወደ አንተ የሚመለሰው አጭር ዘንግ። ያንን ትንሽ ወደ ግራ አውጥተህ ስታስረው የሳይቱንና የኩዊቨሩን ክብደት ይመልስልሃል፣ አጭር ስለሆነ ጫፉ ላይ ከፊተኛው የበለጠ ክብደት ይፈልጋል፣ ፊት 3 ኦንስ ካለ ኋላ 6 ብትጀምር አትሳሳትም። ገንዘቤ ለአንድ ነው የሚበቃው ካልከኝ በጣም ውዱን የፊት ዘንግ ከምትገዛ መካከለኛ የሆነ ሁለቱንም ግዛ ነው የምልህ። ቢ ስቲንገር የሚባለውን ብራንድ ብዙ ሰው ይይዛል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዘንጉ ቀስቱ ላይ የሚጠመዘዝበት ክር ባብዛኛው አንድ አይነት ስለሆነ፣ 5/16-24 የሚሉት፣ የሌላ ድርጅት ዘንግም ቀስትህ ላይ ይገባል፣ ከሰው ተውሰህ መሞከርም ትችላለህ።

አሞካከሩ እንዲህ ነው። ከኢላማው ፊት ቀረብ ብለህ ቁም፣ ፍላጻ አስገባ (ያለ ፍላጻ ስበህ እንዳትለቅ፣ ቀስቱ ይሰበራል)፣ ስበህ ስትረጋ ዓይንህን ጨፍን፣ ሰውነትህ ሲዝናና ዓይንህን ግለጥና የሳይቱን ውሃ ልክ እይ። አረፋዋ ወደ ግራ ከሄደች ቀስቱ ወደ ቀኝ ወድቋል ማለት ነው፣ ባክ ባሩን ወደ ግራ አውጣው ወይ ክብደት ጨምርበት። ከዛ 30 ያርድ ላይ ፒኑን ተመልከት፣ ከኢላማው በታች እየወረደች የምታስቸግርህ ከሆነ ፊቱ ከብዶሃል፣ ወደ ላይ የምትል ከሆነ ፊቱ ቀሎሃል፣ ዝም ብላ በየአቅጣጫው የምትሮጥ ከሆነ ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ ጨምር። አንድ አንድ ኦንስ ብቻ፣ ሁሉን ባንዴ ከቀየርክ የትኛው እንደሰራ አታውቅም። ደግሞ ደክመህ ሞክረው፣ ደረጃ ሮጠህ ወጥተህ ውረድና ያኔ ሳብ። ፒን ጨርሶ አይቆምም እሺ? የሁሉም ሰው ይንሳፈፋል፣ የምንፈልገው ቀስ ብሎ እንዲንሳፈፍ ነው።

ክብደቶቹን ደግሞ ከመውጣትህ በፊት በእጅህ አጥብቃቸው፣ በንዝረት ይላላሉ፣ ጫካ ውስጥ ኪል ኪል ካለ ኤልኩ ያንን ሰምቶ አይጠብቅህም።

የኛ ሲዝን ጥቅምት አካባቢ ይከፈታል፣ እኔም ኅዳር 15 ጾሙ ሳይገባ አንድ ነገር ቢቀናኝ ደስ ይለኛል፣ ካለዚያ ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ነው። እማዬ እንደሆነ ታውቃታለህ፣ አጋዘን ኦሪት ዘዳግም 14 ላይ ከሚበሉት ተቆጥሯል ብላት፣ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሥጋ እቤቴ አይገባም ብላ እንደጸናች ናት። አንተ እንዴት እንዳለህ ሁሌ ትጠይቀኛለች፣ ደውልላት እንጂ አንተ ደግሞ።

እስከዛ ድረስ ቀስቱን እንዳልኩህ አልብሰህ ከኋላና ከጎን ፎቶ አንሳና ላክልኝ፣ ስበህ ሳለ ባለቤትህ ታንሳህ፣ እጅ አያያዝህንም ልይበት። እሁድ ማታ ከስራ የምወጣው ሦስት ሰዓት ነው፣ እናንተ ጋ አንድ ሰዓት ይሆናል፣ ያኔ ደውልና እናውራ። ሱቅ አትሂድ እስከዛ።

ያንተው፣
አብሮ አደግህ