ስክሪፕቱ ላይ እኮ የጁሊ ዴልፒም ስም አለ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፍቅር ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ «ቢፎር ሰንራይዝ»ና ስለ ሁለቱ ተከታዮቹ ያላችሁት ግን ከነከነኝ። ምስጋናው ሁሉ ለዳይሬክተሩ ለሪቻርድ ሊንክሌተር ሆነና ዋናዋ ተዋናይት፣ ፈረንሳዊቷ ጁሊ ዴልፒ በቁንጅናዋ ብቻ ተነስታ ታለፈች። በቃ?

እሷ እኮ ጸሐፊ ናት። በ2004 የወጣው የ«ቢፎር ሰንሴት» ስክሪፕት ላይ ስሟ ከሊንክሌተርና አብሯት ከሚተውነው ከኢታን ሆክ ጋር ሰፍሯል፣ ለኦስካርም አብራቸው ታጭታለች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ2013ቱ «ቢፎር ሚድናይት»ም እንደዚያው። የ1995ቱ የመጀመሪያው ፊልም ላይ በጸሐፊነት አልተጠቀሰችም፤ ግን እሷም ሆክም ብዙውን ንግግር እንደገና የጻፍነው እኛ ነን ሲሉ ኖረዋል። እኔ አምናቸዋለሁ። በሁለተኛው ፊልም እሷ የምትጫወታት ሴሊን መኪና ውስጥ ቁጭቷን የምታፈነዳበትን ቦታ እስቲ እንደገና እዩት፣ ያ ምሬት ከወንዶች ብዕር ብቻ የወጣ አይመስልም። መጨረሻ ላይ በጊታር የምትዘፍነው ዋልስም የራሷ ድርሰት ነው።

ወላጆቿ ተዋንያን ነበሩ። ገና ልጅ ሳለች ዝነኛው ዳይሬክተር ዣን ሉክ ጎዳር በ1985 ፊልሙ ላይ አሠራት፣ በ1994 ደግሞ ከፖላንዳዊው ዳይሬክተር ኪሽሎቭስኪ ጋር ሠራች። እንዲህ የጀመረ ሰው ስልክ እየጠበቀ መኖር ይችል ነበር። እሷ ግን ኒውዮርክ ሄዳ ፊልም ሥራ ተማረች።

በ2007 «ቱ ዴይስ ኢን ፓሪስ» መጣ። ጻፈችው፣ ዳይሬክት አደረገችው፣ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ተጫወተች፣ ኤዲት አደረገችው፣ ሙዚቃውንም ሠራች። እናትና አባቷን ደግሞ እናትና አባት አድርጋ አሠራቻቸው! አሜሪካዊው ፍቅረኛ አማቾቹ ቤት ገብቶ ሲሳቀቅ አለማየት ነው፤ ምሳ ላይ ጥንቸል ሲቀርብለትማ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ሃንጋሪዋ ባለ ደም ታሪክ እመቤት የሠራችው «ዘ ካውንቴስ» እኔን አልማረከኝም፣ ቀዝቃዛ ነው። የ2011ዱ «ሌ ስካይላብ» ግን ሌላ ነገር ነው፦ በ1979 ስካይላብ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ሊወድቅ ነው በሚባልበት ሰሞን በፈረንሳይዋ ብሪታኒ ውስጥ የተሰበሰበ ሰፊ ቤተሰብ፣ ከነጭቅጭቁ ከነዘፈኑ። ስፔን ውስጥ በሚካሄደው የሳን ሴባስቲያን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል።

እንግዲህ ከስሟ ፊት ጸሐፊና ዳይሬክተር የሚለውን ጨምሩበት። በ2024 ስለወጣው «ሌ ባርባር»ም አንድ ሰው ቢጽፍልን ደስ ይለኛል። የብሪታኒ መንደርተኞች ዩክሬናውያን ስደተኞችን ለመቀበል ተሰናድተው ሲጠብቁ ሶርያውያን ይመጡባቸዋል። አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ፊልም ብዙ ሳይብራራላቸው የሚረዱት ይመስለኛል።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ